የጋሽ ቀስ በሉ እግር ፍሬን

ዕድሜ ልካቸውን ሰውን «ቀስ በሉ!» ሲሉ የኖሩ ሰው በፍጥነት ሞቱ ቢባል ማን ያምናል? ሰፈሩ ግን ሳይወድ በግድ አመነ። ሞተር ሳይክል ጠጋኙ ጋሽ ቀስ በሉ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤታቸው ወደ ጋራዣቸው ሲወርዱ፣ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ከነሞተራቸው ወድቀው እየተንሸራተቱ ከግርጌው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተሙ። ቀድሞ የደረሰው ዳቦ ሻጭ እንደተናገረው፣ የእሳቸው ትንፋሽ ከወጣ በኋላ እንኳ በጎኑ የተጋደመው ሞተር የፊት ጎማ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለብቻው ይሽከረከር ነበር።

ለልጃቸው ወሬው የደረሳት ጋራዥ ውስጥ ቱታዋን እየለበሰች ሳለ ነው። አልጮኸችም። ጎማ ክምር ላይ ዘፍ አለችና በልቧ አንድ ቃል ብቻ አለች፦ «ገደልኩት።»

ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ «ፒንሳ» ያሏት ገና በሕፃንነቷ አንድ ነገር ከጨበጠች ስለማትለቅ ነበር፤ መካኒክ ስትሆን ስሙ ይበልጥ ገጠማት። ሰኞ ከሰዓት የአባቷን ሞተር የፍሬን ዘይት የቀየረችው እሷ ናት። ያ ሞተር ደግሞ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ፍሬኖቹ የተያያዙ ናቸው፤ እግር ፍሬኑ ሲረገጥ ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ወደ ፊትም ይሄድና ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ይይዛል። ጋሽ ቀስ በሉ ያን ሞተር የመረጡት በምክንያት ነው። በወጣትነታቸው የሞተር ካቴና ቀኝ እጃቸውን በልቶ ሦስት ጣት ብቻ አስቀርቶላቸዋል። ስለዚህ በቀኝ እጅ በሚጨበጠው የፊት ፍሬን አይመኩም፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት በእግራቸው እየያዙ ነው።

የተያያዘ ፍሬን ዘይቱ ሲቀየር ውስጡ የገባውን አየር ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኋላ ተጀምሮ በፊቱ ይጨረሳል፤ የፊቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው። «ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት! አየር ሌባ ነው፤ ጥግ ይዞ ይደበቃል» ይሉ ነበር አባቷ። ሰኞ ዕለት ፒንሳ የፊቱን አንድ ጊዜ ብቻ አስወጣችና ተወችው። ቸኩላ ነበር። የቸኮለችበት ምክንያት ከስህተቱም ይብሳል፤ ለማንም አልነገረችም እንጂ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋራዥ ለሥራ ፈተና ጠርቷታል። የአባቷን ቤት ጥላ ለመውጣት ስትሮጥ አባቷን ገደለች ማለት ነው።

ይህን የተናገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአጎቷ፣ ለአባቷ ታናሽ ወንድም። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ቱርቦ» ይለዋል። ቀስ በሉና ቱርቦ ከአንድ ማሕፀን እንዴት ወጡ እያለ የማይቀልድ ደንበኛ አልነበረም። ቱርቦ ትከሻዋን አቅፎ፣ «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል። ለማንም ግን ትንፍሽ እንዳትይ» አላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

*

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት መርማሪ ያንን ሞተር በፒክአፕ አስጭና፣ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ጋራዡ በር ላይ ወረደች። በእጇ የተማሪ ደብተር ይዛለች። ባልደረቦቿ «ደግሞስ» የሚሏት ሰው የሚላትን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እሺ፣ ደግሞስ?» ስለምትል ነው፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው መልሱ ይልቅ በሁለተኛው ጉድ ፈልቶበታል።

ሞተሩ ከወረደ በኋላ ጎንበስ ብላ እግር ፍሬኑን በመዳፏ ተጫነችው። ለቀቀችው፤ እንደገና ተጫነችው። ከዚያ በግራ እጇ ፔዳሉን እንደተጫነች በቀኝ እጇ የፊት ጎማውን ገፋ አደረገችው። ፒንሳ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስለነበር ይህን አላየችም።

«እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ሲያልፍ መሸሽ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ ቀና ብላ፤ «ስለዚህ እናንተ ታስተምሩኛላችሁ። አንድ በአንድ ላነጋግራችሁ።»

ቢሮ የሚባለው ከጋራዡ በኮምፔርሳቶ የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ፒንሳ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ ንጹሕ መፍቻ ትወለውላለች፤ የሚባለው ሁሉ ጆሮዋ ይገባል።

መጀመሪያ የገቡት እናቷ ናቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እንዴት እማማ?»

«ማክሰኞ ጠዋት ተጣላን። በቃህ፣ ጋራዡን ለልጅህ ልቀቅና ቤትህ ተቀመጥ አልኩት። እምቢ አለ። ‹ሂድ እንግዲህ፣ ባትመለስም ግድ የለኝ!› አልኩት። ከአፌ ወጣ፤ አልተመለሰም።»

«እሺ፣ ደግሞስ?»

«ደግሞ ምን አለ? ሠላሳ ዓመት ላበሰልኩለት ሰው የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆኖ ቀረ።»

«ከቤት ሲወጡ እንዴት ነበሩ? ተናደው እያበረሩ?»

«እሱ? ተናዶም ሞተሩን ዞሮ ዞሮ ሳያይ አይነሣም። ብሎን ብሎኑን በዓይኑ ቆጥሮ ነው የወጣው።»

ቀጥሎ ሰፈሩ ኮርቻ የሚለው ሰው ገባ። የሞተር መቀመጫ እየሰፋ የሚኖር ነው፤ ከጋራዡ ጎን ባለችው ክፍል ሃያ ዓመት የሟች ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ሆኖ ኖሯል። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ። «ጠዋት ስልክ ደውዬ ‹ደንበኛ ቆሞ እየተሳደበ ነው፣ ቶሎ ውረድ› አልኩት። የሚሳደብ ደንበኛ አልነበረም። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ስለነበር ቆዳ ፈልጌ ነው። በውሸት አስቸኮልኩት፤ ፍሬኑ ደግሞ አልያዘለትም።»

«እሺ፣ ደግሞስ? ሰኞ ከሰዓት እዚህ ማን ነበር?»

«ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። እሱ መለዋወጫ ሊገዛ ሄዶ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ወጣ። መሐሉን እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ቱርቦ ነበረ፣ እሱ መቼም ይኖራል።»

ሦስተኛው ቱርቦ ነው። ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ።

«ከወንድምዎ ጋር ጠብ ነበራችሁ ይባላል።»

«ጠብ አይባልም፤ የሙያ ክርክር ነው። ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎች አሥራ ሁለት ሞተር አምጥተው ማያያዣውን አውጡልን አሉ። የተያያዘ ፍሬን ጥገናው ጣጣ ነው፣ ወጣቶቹም እግርና እጃቸውን ለየብቻ ማዘዝ ይፈልጋሉ። ወንድሜ ‹እኔ እያለሁ ፍሬኑ የተፋታ ሞተር ከዚህ በር አይወጣም› አለ። ከመጠን በላይ ፈሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«እርስዎ አደጋው ቦታ መቼ ደረሱ?»

«ዘግይቼ ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። አስከሬኑ ተነሥቷል፣ ሞተሩም ተወስዷል፣ መንገዱ እንደ ሳህን ታጥቧል። ምንም የሚታይ አልነበረም።»

«እሺ፣ ደግሞስ?»

«ደግሞማ ዕድል ነው። ቁልቁለት ላይ የኋላው ብቻ ሲይዝ ሞተር ጅራቱን ይጥላል፤ አንዴ ከጣለ ደግሞ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን አይመልሰውም። ማንም ጥፋተኛ የለበትም።»

«እርስዎም?»

«እኔ ምን አድርጌ?»

መርማሪዋ ጻፈች። የእስክሪብቶው ድምፅ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አለ።

በመጨረሻ ፒንሳ ተጠራች። አጎቷ የመከራትን ሁሉ ረሳች፤ የአየሩን ነገር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማስወጣቷን፣ የሥራ ፈተናውን ሳይቀር ዘከዘከችው። ስትጨርስ እጆቿን እንደምትታሠር ሰው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እጅሽን አንሺ፣ ደብተሬን ቅባት ታስነኪብኛለሽ» አለች መርማሪዋ። «ይልቅ ይህን ንገሪኝ። ብሎኖቹ ላይ ያሉት የቀለም ጭረቶች ምንድን ናቸው?»

«የቤታችን ሕግ ነው። ያጠበቀ ሰው ከብሎኑ እስከ አካሉ ድረስ በቀለሙ አንድ መስመር ያሰምራል። በኋላ ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል። ነጭ የአባዬ ነው፣ ቀይ የአጎቴ፣ ቢጫ የኔ።»

«ኮርቻስ?»

«እሱ ክር እንጂ ቀለም የለውም።»

«ስታሰምሪ እንዴት ነው የምታደርጊው?»

«መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ዘይት ላይ ከተቀባ በሁለት ቀን ይላጣል።»

«ሰኞ ቸኩለሽ ነበር አላልሽም? አጠብሽው ወይስ ዘለልሽው?»

ፒንሳ አሰበች። «አጥቤያለሁ። አየሩን ነው የዘለልኩት። ማጠቡን እጄ ለምዶታል።»

መርማሪዋ ተነሥታ ወጣች። በጋራዡ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተዘዋወረች፤ የቀለም ጣሳዎቹን አየች፣ የሥራ ጠረጴዛዎቹን ሳጥን ከፈተች፣ አንዱ ጋ ቆማ አንድ ነገር ኪሷ ከተተች። ከዚያ፣ «ሁላችሁም ወደ ሞተሩ ኑ» አለች።

*

አራቱም ሞተሩን ከበው ቆሙ። እናትየው ወንበር ተሰጣቸው። ፒንሳ ካቴናዎቹ የተንጠለጠሉበት ግድግዳ ላይ ተደገፈች፤ ፍርዷን ሰምታ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የምትመኘው።

«በሃያ አራት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ሟች አለኝ፤ ገዳይ ነኝ ያለኝ ደግሞ ሦስት ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የምቸገረው በተገላቢጦሽ ነው። እስቲ አንድ በአንድ ላሰናብታችሁ።»

ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ ሰው በቃል አይሞትም። ባለቤትዎ ተጣልተውም ብሎኑን ቆጥረው ነው የተነሡት፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ወደ ቁልቁለቱ የሄዱት የተረበሹ ሰው ሆነው አይደለም።» ከዚያ ወደ ኮርቻ፦ «እርስዎም ዋሽተዋል እንጂ አልገደሉም። ቶሎ ና የተባለም ሰው ፍሬኑ የሚሠራ ከሆነ ይቆምለታል። አሁን ፍሬኑን እንይ። ልጄ፣ ነይ እግር ፍሬኑን ተጫኝው።»

ፒንሳ መጣች። ፔዳሉን በእጇ ተጫነችው። ደረቅ ነው፤ ትንሽ ወርዶ እንደ ድንጋይ ቆመ።

«መስመሩ ውስጥ አየር ቢኖር?»

«ይ... ይረግብ ነበር። እንደ ስፖንጅ።» ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ስለዚህ የሌለ ሌባ ነው ሦስት ቀን የተሸከምሽው። ፍሬኑን ያጠፋው አየር አይደለም። አሁን እንደያዝሽው የኋላ ጎማውን ግፊ።»

ጎማው ንቅንቅ አላለም።

«የፊቱንስ?»

ፒንሳ ገፋችው። ጎማው ያለ ምንም መቋቋም ተሽከረከረ። ኮርቻ «አቤት!» አለ። ሁሉም የሙያው ሰዎች ስለሆኑ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ለእናትየው ግን መርማሪዋ አስረዳች። «ይህ ፔዳል ሁለቱንም ጎማ መያዝ ነበረበት፣ የያዘው አንዱን ነው። የኋላው ጎማ ቁልቁለት ላይ ደርቆ ቀረ፣ ሞተሩ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። የባለቤትዎ ቀኝ እጅ ደግሞ ሦስት ጣት ነው፤ የፊቱን በእጃቸው ጨብጠው ለማዳን ጊዜም ጉልበትም አልነበራቸውም። ጥያቄው ወደ ፊት የሚሄደውን ዘይት ምን አገደው የሚል ነው።»

ከታንኩ ሥር ወዳለው የቧንቧ መጋጠሚያ ጠቆመች። በብሎኑ ላይ ቢጫ መስመር አለ፣ ሳይሰበር። ፒንሳ ቀለሟን አወቀችው።

«አዎ፣ ያንቺ ቀለም ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው አንቺን ጠርጥሬ ነበር። ግን ተመልከቺ።» መርማሪዋ በሌሎቹ ሦስት ብሎኖች ላይ ያለውን ቢጫ በአውራ ጣቷ አሸችው፤ አልተነቃነቀም። ይኸኛውን ስታሸው ግን ቀለሙ ተጨማዶ ጣቷ ላይ ቀረ። «ይህ የተቀባው ዘይት ላይ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ ሦስቱ ታጥበው አንዱ ሳይታጠብ አይቀርም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ሰው ከፍቶት፣ መልሶ አጥብቆት፣ ሟቹ ሲቆጥሩ እንዳያውቁበት በቢጫ አስመስሎ ቀብቶታል። መፍቻ ስጪኝ። አይ፣ አንቺው ፍቺው።»

ፒንሳ ፈታችው። ዘይት ተንጠባጠበ፤ ከዘይቱ ጋር ቧንቧውን የደፈነች፣ አተር የምታህል የብረት ብይ መዳፏ ላይ ወደቀች።

መርማሪዋ ከኪሷ አንድ የተሰበረ ኩሽኔታ አወጣች። «ስምንት ብይ የሚይዝ ነው። ሰባት አሉት። ያገኘሁት ቀይ ቀለም በተቀመጠበት ጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ ነው።» ብይቷን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት፤ ልክ ገባች።

ማንም ሳይጠራው ሁሉም ወደ ቱርቦ ዞረ።

«ኩሽኔታ ማንም ሊወስድ ይችላል» አለ ቱርቦ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«ይችላል። ስለዚህ በእሱ ብቻ አልያዝኩዎትም። ጓደኛቸው ‹ፍሬኑ አልያዘለትም› አለኝ፣ ልጃቸውም ፍሬኑ ጭራሽ እንዳልሠራ ነው የምታስበው። እርስዎ ብቻ ‹የኋላው ብቻ ሲይዝ› አሉኝ። መንገዱ ላይ የኋላ ጎማ አንድ ረጅም ጥቁር ጭረት ትቶ ነበር፤ ትራፊኩ ዝናቡ ሳይጀምር ፎቶ አንሥቶታል፣ ፎቶውም ከኔ ዘንድ ነው። እርስዎ የደረሱት ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። ሞተሩንም እስከ ዛሬ አላዩትም፤ ዛሬም ገና ሳይነኩት ነው ይህን ያሉኝ። የኋላው ብቻ እንደያዘ በምን አወቁ?»

ቱርቦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትልቅ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ሲል ያስፈራል።

«ልገድለው አይደለም» አለ። «በወንድሜ ነፍስ፣ ልገድለው አይደለም። ላሸንፈው ነው። አንድ ቀን ሳያውቅ ነድቶት፣ ማክሰኞ ምሳ ላይ ‹ተፋትቶ ነው የነዳኸው፣ ምን ሆንክ?› ልለው ነበር። ከዚያ አሥራ ሁለቱን ሞተር እንሠራለን። ሰኞ ማታ ዳገት ነው የሚወጣው፣ ፍሬን አያስፈልገውም። ጠዋት ደግሞ... እሱ ራሱ ነበር እኮ ‹በሦስት ጣት ከናንተ ከአሥር ጣቶች እበልጣለሁ› የሚለው። ሁልጊዜ ይላል። አመንኩት።»

«ለቀልድ ይል ነበር» አለ ኮርቻ በቀስታ። «ይፈራ ስለነበር ነው ሲቀልድ የነበረው።»

መርማሪዋ ደብተሯን አጠፈች። «ሰኞ ሲያደርጉት ለማታለል ነው፤ እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ማክሰኞስ? ወንድምዎ ሞቱ፣ ቢጫው ቀለም እዚያው ነበር፣ ጥፋቱን በልጅቷ ላይ እንደሚጥልም ያውቁ ነበር።»

ፒንሳ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ፈላ ውሃ።

«እኔ ነግሬህ ነበር» አለች። «ማክሰኞ፣ እዚች ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ነገርኩህ። አቅፈኸኝ ‹አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል› አልከኝ።»

ቱርቦ ቀና ብሎ አላያትም። እናትየው ከወንበራቸው ተነሡና መልሰው ተቀመጡ።

«አጎቴ። ቢያስሩኝ ኖሮ ትናገር ነበር?»

መርማሪዋም አላቋረጠችም፤ እሷም መልሱን መስማት የፈለገች ትመስል ነበር።

«እናገር ነበር» አለ ቱርቦ። ቆየና፣ «ይመስለኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥርዓት ነው። ፒክአፑ ተነሣ፤ ቱርቦ ከኋላ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጦ፣ ሞተሩም ከጎኑ ታስሮ ሄዱ። ኮርቻ የጋራዡን በር ግማሹን ዘጋው። ፒንሳ መሐል ላይ እንደቆመች ቀረች። ነጻ ናት፤ ያንን ታውቃለች፣ ደስታ ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። አባቷ ጠዋት ሲገቡ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበት ድምፅ ትዝ አላት፤ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አይሰማም፤ ከነገ ወዲያም። ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ሰዎች ለአባቷ ያለቀሰች መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ስታለቅስ የነበረው ለራሷ ነው። አሁን ገና፣ ፊቷን በቅባታም እጆቿ ሸፍና፣ «አባዬ» አለች። እናቷ መጥተው አቀፏት፤ ሁለቱም ሞቱን ገና ዛሬ እንደሰሙ ሆነው አለቀሱ።